የሰሚው አዳራሽ መዘውር

በአንድ ወቅት፣ ከከተማ ዳር ባለች ሾላ ግርጌ በምትባል ሰፈር፣ ሰው የሚለውን የሚሰማ አዳራሽ ነበረ። እንዴት ሆኖ የሚል ቢኖር፣ እንዲህ ሆኖ ነው።

አዳራሹ የእድሩ ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከል ነበር። ድንኳኑ አርጅቶ ዝናብ ማስገባት ሲጀምር፣ የሕንፃ ትምህርት ተምሮ የተመለሰው የሰፈሩ ልጅ ቢያድግልኝ «ድንኳን የሚያስረሳ ቤት እሠራላችኋለሁ» አለ። ሠራም። የግራና የቀኙ ግድግዳዎች ጣውላ ናቸው፤ በሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ወደ ውጭ ሲገፉ ሁለት መቶ ሰው ይቀመጣል፤ ወደ ውስጥ ሲሰበሰቡ ለአሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ቦታ ይተዋሉ። የሚያዛቸው ሰው አይደለም። ቢያድግልኝ ለሰፈሩ የከፈተው፣ ሁሉም በየስልኩ የሚጽፍበት ገጽ ነው የሚያዛቸው። እከሌ ሞተ ተብሎ ገጹ ላይ ይወጣል። «ነፍስ ይማር» የሚለው ሲበዛ፣ የሻማ ምልክት የሚያኖረው ሲበዛ፣ ግድግዳው ይሰፋል፤ መብራቱም ይደምቃል። ዝም ከተባለ ይጠባል፤ ይደበዝዛል።

«መስፋቱስ ይሁን፣ መጥበቡ ለምንድን ነው?» ብለው የእድሩ ዳኛ አቶ ምትኩ ጠየቁት።

«ጥቂት ሰው በሰፊ ቤት ተቀምጦ እንዳያፍር ነዋ» አለ ቢያድግልኝ።

ሐሳቡ ደግ ነበር። ሰው መረቀው፤ አዳራሹንም «ሰሚው» ብሎ ሰየመው።

ነገር ግን ቢያድግልኝ ሁሉን ሲለካ አንድ ነገር ሳይለካ ቀረ። በሾላ ግርጌ ቅርብ ያለ ሰው ለለቅሶ አይጽፍም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ በእግሩ ይመጣል። የሚጽፈው ሩቅ ያለ፣ መምጣት ያልሆነለት ነው። ሊመጣ የሚችል ሰው ከጻፈማ «ይሄ ጽፎ ሊቀር ነው» ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ዘመዱ አገር ላገር ለተበተነው ሰሚው ይሰፋ ነበር፤ ዘመዱ ጎረቤቱ ብቻ ለሆነው ደግሞ ይጠብ ነበር። ይህን ያስተዋለ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

የአዳራሹ ጠባቂ ጋሽ ድልነሳው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ስልክም የላቸውም። ከግድግዳው ሥር፣ መብራት የጠፋ እንደሆነ ተብሎ በእጅ የሚዞር የብረት መዘውር ተተክሏል። እጀታው ይነቀላል። ያ እጀታ ከጋሽ ድልነሳው ወገብ ተለይቶ አያውቅም።

በዚያው ሰፈር ስንቅነሽ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ሳለች እናቷ አልጋ ላይ ዋሉና ደብተሯን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲህ በደጃፏ ተቀምጣ ልብስ ትጠግናለች። ዚፕ ትቀይራለች፣ ኮሌታ ትገለብጣለች። ንግግር አታበዛም። ስለማትናገር ታያለች፤ ሰውንም በልብሱ ታውቀዋለች። ክርኑ የሳሳው ጠረጴዛ ላይ የሚውል ነው። ጉልበቱ የነጣው ወይ ሰጋጅ ነው ወይ ድንጋይ ጠራቢ ነው። አንድ ኪሱ ብቻ የተቀደደው ሰው አጠገቡ ሲደርስ እጁን የሚከት፣ የሚደብቀው ነገር ያለው ነው። በዚህ ተሳስታ አታውቅም ነበር።

እናቷ ሞቱ። የእናቷ ወዳጆች የጎረቤት ሴቶች ናቸውና ማንም አልጻፈም፤ ሁሉም መጡ። ሰሚው ግን ጠበበ። ስንቅነሽ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ወደ ትከሻዋ ሲመጣ አየችው። የእናቷ ወዳጆች ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ። ቀና ስትል ጋሽ ድልነሳው መዘውሩ አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው እጀታው ላይ ነው፣ ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ብረቱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ግድግዳውም ይመጣል።

ለሰው ያየችውን አልተናገረችም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን በሰፈሩ ገጽ ላይ «ታዛቢ» በሚል ስም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሰሚውን አትውቀሱት። የሚያጠበው በረኛው ነው። ፊት እያየ መዘውሩን ሲያዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ለደሃ ይዘጋል።»

አንድ መቶ አርባ ሦስት ሰው አውራ ጣቱን አኖረላት። ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ እሷ ያለችውን ይህን ያህል ሰው ሰምቷት አያውቅም። ደስ አላት። ይህን መካድ አይቻልም፤ ልጇን እያጠባች በገጹ ላይ የተኖሩትን አውራ ጣቶች ትቆጥር ነበር።

በሳምንቱ የጋሽ ድልነሳው ባለቤት እትዬ ትርንጎ የባላቸውን ኮት ይዘው መጡ። የቀኝ ትከሻው ስፌት እስከ ብብቱ ድረስ ተተርትሯል።

«አደራሽን የኔ ልጅ፣ ሌላ የለውም» አሉ።

እትዬ ትርንጎ ስንቅነሽን ያረሷት፣ ልጇንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ያዘሏት ሴት ናቸው። ስንቅነሽ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ኮቱን ሁለት ጊዜ ደርባ፣ ክሩን በሰም አሽታ ሰፋችው። እንደዚያ አጥብቃ የሰፋችው ልብስ የለም። ትከሻው በምን እንደተተረተረ ግን አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ለጋሽ ድልነሳው የእግዜር ሰላምታ ነፈጋቸው። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ሲሰጡ ሰው ወደ ስልኩ ያቀረቅራል። እሳቸው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ። ስንቅነሽ ከደጃፏ ይህን ሁሉ ታያለች። ጽሑፉን ማጥፋት ትችል ነበር፤ ግን «ማነው ያጠፋው?» ተብሎ ቢፈለግስ? ነገ አጠፋዋለሁ እያለች ስምንት ወር አለፈ። በስምንተኛው ወር ጋሽ ድልነሳው ደረታቸውን ታመው ሞቱ።

የቀብሩ ዕለት ሰው አልጎደለም። ከቀብር ማንም አይቀርም። ከቀብር መልስ ደግሞ ሁሉም ወደ አዳራሹ መጥቶ፣ በር ላይ እጁን ታጥቦ፣ ንፍሮ ዘግኖ ከሐዘንተኛዋ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ወጉ ነው። ውሃ የምታስታጥበው ስንቅነሽ ነበረች። ልጇን አዝላ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ማንም ወደ በሩ አልመጣም። ሰሚው አሥራ ሁለት ወንበሩ ላይ ተሰብስቦ፣ መብራቱ ደብዝዞ ተቀምጧል። የጋሽ ድልነሳው ስም ገጹ ላይ ከወጣ ጠዋቱ አልፎ ቀትር ሆኗል፤ ከሥሩ አንድ ቃል፣ አንድ ሻማ የለም። ሰዉ በአጥሩ ጥግ ተሰልፎ ቆሟል።

«ጠበበ እኮ» አለ አንዱ።

«ምን ይገርምሃል?» አሉ ጡረተኛው ሻምበል ይግዛው። «ዕድሜውን ሲያጠብ የኖረን ሰው ዛሬ ማን ያስፋለት?»

አንዱ ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ኧረ ነውር ነው፣ እንግባ!» አለች አንዲት ሴት።

«የት ነው የምንገባው? እርስ በርስ ጭን ላይ ልንተቃቀፍ ነው?»

ውስጥ እትዬ ትርንጎ ከሁለት የእህታቸው ልጆች ጋር ተቀምጠዋል። አሥራ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ሰው። በሩን አዩት።

«ሰዉ የት ቀረ ስንቅነሽ?»

«እጁን እየታጠበ ነው እትዬ» አለች። ማንቆርቆሪያው እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ያኔ ቢያድግልኝ ተነሣ። የሠራውን ቤት አየና ከአዳራሹ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የገጹን ውስጥ ከፈተ። ገጹ የእጁ ሥራ ስለሆነ በማንም ስም መጻፍ ይችላል። ጻፈ። በሰፈርተኛው ስም፣ አንድ በአንድ፣ መቶ ሰማንያ የሐዘን ቃል ጻፈ። ሰሚው ሰማ። ግድግዳዎቹ ጉርርር ብለው ወደ ውጭ ተጓዙ፤ መብራቱ ቦግ አለ። እትዬ ትርንጎ ቀና ብለው «ተመስገን፣ መጡ» አሉ።

ውጭ ግን የሰዉ ስልክ በየኪሱ ይጮህ ጀመር። ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«‹ጋሽ ድልነሳው የሰፈራችን ምሰሶ ነበሩ። ሻምበል ይግዛው።› ኧረ ባክህ! እኔ ምሰሶ ብዬ መች አውቃለሁ?»

«የኔን ስሙልኝ፤ ‹ልቤ በሐዘን ተሰበረ› ብያለሁ!»

«አጥፋው፣ አጥፋው፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ሰዉ በስሙ የተጻፈውን ማጥፋት ጀመረ። አንድ ሰው ባጠፋ ቁጥር ግድግዳው ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ይመለሳል።

«አታጥፉ!» አለ ቢያድግልኝ እየሮጠ መጥቶ። «ነፍስ ይማር ማለት ምን ይጎዳችኋል?»

«እኔ ልበለው እንጂ!» አለ አንዱ። «በኔ አፍ ማን ሾሞህ ነው የምታለቅስ?»

ያኔ ጥጋቡ ተነሣ። ጥጋቡ በያጅ ነው፤ የሰሚውን ሐዲድ የበየደው እሱ ነው። ግድግዳው ወደ እትዬ ትርንጎ ሲመለስ አየና ሮጦ ብረት የሚቆርጥበትን ግራይንደር አመጣ። ግድግዳውን የሚስበውን የብረት ገመድ ይዞ ቆረጠው። በለቅሶ ቤት እሳት ተረጨ፤ እትዬ ትርንጎ «በስመ አብ!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ገመዱ ሲበጠስ ተወርውሮ የጥጋቡን ግራ እጅ መታው፤ ሁለቱ ጣቶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታጠፉም። ግድግዳው ግን ቆመ። ሰፍቶ ቆመ።

«በቃ» አለ ጥጋቡ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ። «ከእንግዲህ ጽፋችሁም አጥፍታችሁም አታጠቡትም።»

አሁን አዳራሹ ሰፊ ነው። ብሩህ ነው። ባዶ ነው። ጠባብ ሳለ የሰው ማነስ አይታይም ነበር፤ አሁን ታየ። በዚያ ሁሉ ወለል መሐል አሥራ ሁለት ወንበርና አንዲት ትንሽ አሮጊት። እትዬ ትርንጎ ዙሪያቸውን አዩና ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ነጠላውን ያሳባቸው ሐዘን እንዳልነበረ ስንቅነሽ አወቀች። እሷ የምታውቀውን ነገር፣ ስምንት ወር የለበሰችውን፣ እሳቸው ላይ አየችው። እትዬ ትርንጎ አፈሩ። ያፈሩት ግን ባላጠፉት ነው።

ያኔ ስንቅነሽ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

እግሯ ወደ ሰዉ አልወሰዳትም፤ እዚያው በሩ ላይ፣ አንድ ጆሮዋ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ሆኖ ቆመች።

«ታዛቢ እኔ ነኝ» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ስለሆነ ሰው አልሰማትም።

«ምን አለች?»

«ታዛቢ እኔ ነኝ! የመዘውሩን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን ከጠላችሁ በኔ ነው። ዝም ካላችሁም በኔ ነው።»

አጥሩ ጥግ የነበረው ጉርምርምታ ቀጥ አለ። ከውስጥ ግን እትዬ ትርንጎ ጠየቁ።

«ምንድን ነው የጻፍሽው?»

እሳቸው አያውቁም ነበር። ሾላ ግርጌ ከዳር ዳር ያነበበውን፣ ፊደል ያልቆጠሩት ባልና ሚስት ብቻ ስምንት ወር ሙሉ አያውቁም ነበር። ስንቅነሽ ሰዉን አየች፤ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ስልኳን አወጣችና የገዛ ቃሏን ራሷ አነበበችው። «ለደሃ ይዘጋል» እስከሚለው ድረስ። አንድ መቶ አርባ ሦስት የሚለውንም አልዘለለችም።

እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«የናትሽ ለቅሶ ቀን ነው ያየሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«መዘውሩ ወዴት ነበር የሚዞረው?»

«…እሱን አላየሁም።»

«ወደ ውጭ ነው» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ድልነሳው ‹ይሄ ቤት ለሚመጡት ይዘጋል፣ ለሚቀሩት ይከፍታል› ይል ነበር። ያን ቀን ቤቱ ወደ ውስጥ ሲጎትት እሱ ወደ ውጭ ሲጎትት ነው የዋለ። ሲደክመው ይመጣበታል፤ ትንፋሹን ሲያገኝ ይመልሰዋል። እንዲያ ባይዝልሽ የናትሽ ለቅሶ ላይ ግድግዳው ጉልበትሽ ላይ ይቀመጥ ነበር። ኮቱ በምን ተተርትሮ ያመጣሁልሽ ይመስልሻል? ሰፍተሽው የለም እንዴ?»

 የሰው ልብስ አይታ ሰውን የምታውቀው ስንቅነሽ፣ ያን ትከሻ በእጇ ይዛው ነበር። ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፍታዋለች።

«‹ሰው ምን ሆነ?› ይለኝ ነበር ማታ ማታ» አሉ እትዬ ትርንጎ። «‹ዘመኑ ነው› እለው ነበር። ምነው ሳላውቀው በቀረሁ ኖሮ!» ከዚያ አለቀሱ። ቅድም ለባላቸው ሞት አልቅሰዋል፤ ይሄኛው ልቅሶ ለስምንቱ ወር ነበር፣ ከበፊቱም የባሰ ነበር።

መጀመሪያ የገቡት ሻምበል ይግዛው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ስንቅነሽ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ውሃ አፈሰሰችላቸው። አላዩዋትም። ቀጥሎ አንዱ፣ ቀጥሎ አንዷ። መቶ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ሰው እጁን ዘረጋላት፤ አንድም ፊቷን ያያት የለም። እሷም የሰዉን እጅ ብቻ አየች፤ አውራ ጣቶቹን። ወንበር ስላልበቃ ሰዉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ሞላ።

አርባው ሲደርስ እትዬ ትርንጎ እድርተኛውን ሰበሰቡ። የጋሽ ድልነሳውን ኮት ይዘው መጥተው ምንጣፉ ላይ አኖሩት፤ ጥቅልሉን ሲፈቱት የመዘውሩ እጀታ ውስጡ አለ።

«ሊሞት ሰሞን ‹እጀታውን ለሚያሰፋ ሰው ስጪ› ብሎኛል» አሉ። «የያዘው ሰው የሰሚው ጠባቂ ይሆናል። የተቆረጠው ገመድ ይቀጠል አይቀጠል፣ ቤቱ ስልክ ይስማ ሰው ይስማ፣ እሱ ይወስን። እኔ ደግሞ በድልነሳው ቀን ያሰፋው ማን እንደሆነ ጠፍቶኛል። እናንተ ንገሩኝ።»

ቢያድግልኝ ተነሣ። «እኔ ካልጻፍኩ ግድግዳው ንቅንቅ አይልም ነበር። ጥጋቡ ገመዱን ቤቱ ጠቦ ሳለ ቢቆርጠው ኖሮ ሰሚው ለዘላለም አሥራ ሁለት ወንበር ሆኖ ይቀር ነበር። ያሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁንም ገመዱን ቀጥዬ፣ የሚመጣውን ሰው እግር እንዲሰማ አድርጌ አስተካክለዋለሁ።»

«በመቶ ሰማንያ ሰው ስም ዋሽተህ!» አሉ ሻምበል። «የኔን ሐዘን ማን ፈቀደልህ? እስካሁን ‹ምሰሶ› እያሉ ይቀልዱብኛል።»

«ሻምበል፣ ውሸት ከሆነ በኋላ ለምን እውነት አደረጉት? ገብተው አለቀሱ አይደል?»

ሻምበል ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ።

ጥጋቡ ተነሣ። የማይታጠፉትን ጣቶቹን አሳየ። «እሱ ያሰፋው በደቂቃ ይመለስ ነበር። ሲመለስ አይታችኋል። እንዳይጠብ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውንም በእጄ ከፍያለሁ። ገመዱ አይቀጠል። ቤት ማንንም መምረጥ የለበትም።»

«የእድሩን ንብረት ሰብረህ» አሉ አቶ ምትኩ። «ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ሸማኔ ሲሞት አምስት ሰው ነበር የተቀመጠው። በዚህ ሁሉ ወለል መሐል አምስት ሰው! ነፋሱ በአራቱም ማዕዘን ሲመታቸው፣ ልጁ አፍሮ ወንበሩን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ዋለ። ቢያድግልኝ የፈራው ይሄን አልነበረም?»

«ቤቱ ነው ያሳፈረው ወይስ ያልሄድነው እኛ?» አለ ጥጋቡ።



ስንቅነሽ አልተነሣችም። መጨረሻ ረድፍ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። ስለ እሷ የተናገረችው የቀብሩ ዕለት «እንግባ» ያለችው ሴት ናት።

«የሰፋ ቤት ባዶ ነበር። ሁለታችሁም ያሰፋችሁት ጣውላ ነው። ሰው የገባው በስንቅነሽ ነው።»

«በስንቅነሽ?» አሉ ሻምበል ብድግ ብለው። «የዘጋችውስ ማን ሆነና? በር ዘግቶ የከፈተ ሰው ይሸለም ከተባለማ፣ ከነገ ጀምሮ ሁላችንም በር እንዝጋ! ደግሞስ በለቅሷቸው ቀን፣ በሰው ፊት፣ ያን ማንበብ ነበረባት? እትዬ ትርንጎ ያልሰሙትን አሰማቻቸው እኮ! የራሷን ሸክም አውርዳ እሳቸው ላይ ጫነችው።»

«ምን ጻፍሽ ብለው የጠየቋት እሳቸው ናቸው» አለች ሴትየዋ። «ደግሞ ሻምበል፣ ቃሉን የጻፈችው እሷ ናት እንበል። አንድ መቶ አርባ ሦስቱ ጣት የማን ነው?»

 አቶ ምትኩ ወደ ገዛ እጃቸው ተመለከቱ።

«አንዱ የኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ሻምበል ተቀመጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ስንቅነሽ ያቺን ኪስ አየቻት፤ አንድ ኪሳቸው ብቻ ጫፉ ተቀድዷል። ቀና አላለችም፤ የማንንም ኪስ ለመፍረድ አቅም አጥታለች።

እትዬ ትርንጎ ከቀብሩ ዕለት ወዲህ ስንቅነሽን አናግረዋት አያውቁም። አሁን ጠሯት።

«ስንቅነሽ።»

«አቤት እትዬ።»

«ብሰጥሽ ትወስጃለሽ?»

ስንቅነሽ አፏን ከፈተች። እጀታውን ብትወስድ ዕድሜዋን ሙሉ ጋሽ ድልነሳው በቆሙበት ትቆማለች፤ በሰው ሐዘን ቀን ትጎትታለች፣ ላቧ ይፈስሳል፣ የሚያያትም ምን እንደሚጽፍባት አታውቅም። ያ ቅጣት ነው ወይስ ሹመት? «አልወስድም» ብትል ደግሞ ያው ዳግመኛ በታዛቢ ስም መደበቅ ነው። ልትወስደው ፈለገች። መፈለጓም አሳፈራት።

«እኔ… እኔ አላውቅም እትዬ። እርስዎ የሚሉኝን።»

«እኔማ እናንተን ጠየቅሁ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

እጀታው ምንጣፉ ላይ ነው። ከሥሩ ኮቱ ተዘርግቷል፤ የቀኝ ትከሻው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ የተደረበው ስፌት ከሩቅ ይታያል። ክሩ አንድም ቦታ አልለቀቀም።

የሾላ ግርጌ ሰዎች እስኪመሽ ተከራከሩ፤ ሳይስማሙ ወደ የቤታቸው ሄዱ። ፍርዱን ለሰሚ ተውት፤ ሰሚ ማለት ደግሞ አሁን እናንተ ናችሁ። አንዱ በሰው ስም ዋሽቶ ግድግዳውን ከፈተ። አንዱ የሰውን ሰብሮ፣ የራሱንም እጅ ሰጥቶ እንዳይዘጋ አደረገ። አንዷ ራሷ የዘጋችውን ልብ፣ ሐዘንተኛዋን ዳግም አቁስላ፣ በእውነት ከፈተች። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ ጋሽ ድልነሳው ያለ ሰው ይሸኙ ነበር። ሟቹ «ለሚያሰፋ ሰው» ብለዋል።

እስቲ ፍረዱ፤ ነገር ግን አውራ ጣታችሁን ከማንሣታችሁ በፊት መዘውሩ ወዴት እንደሚዞር አይታችሁ ፍረዱ። ለጋሽ ድልነሳው ያሰፋላቸው ማነው? እጀታው የሚገባው ለማን ነው?